ውቅያኖስ ጣና አይደለም፦ አሳቲግ ላይ ድንኳን ተክለን ያየነው

ባለፈው ጁላይ ከቤተሰቤ ጋር ውቅያኖስ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት አደርን። በሁለተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰልን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ነገሩን ማንሳት አልቻልኩም ነበር። አሁን የምጽፈው በየበጋው ብዙ ሐበሻ ልጆቹን ይዞ ወደዚያው ስለሚወርድ ነው። እኛ የሳትነውን እናንተ እንዳትስቱት።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደ አብዛኛው የዲሲ አካባቢ ሰው ባሕር ሲያምረን ኦሽን ሲቲ ሄደን፣ ሆቴል ይዘን፣ እግራችንን ነክረን እንመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን የ9 ዓመቷ ልጄና የ6 ዓመቱ ወንድሟ "ድንኳን፣ ድንኳን" እያሉ ነዘነዙን። ወንድሜም ከባሕር ዳር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ነው። ውቅያኖስ አይቶ አያውቅም። "እታለም፣ እኔማ ውሃው አጠገብ ነው የማድረው" አለኝ። በዚህ ተወሰነ።

የመረጥነው አሳቲግን ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ሰሜኑ የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው። በአንድ ወቅት የመዝናኛ ከተማ ሊሠራበት ታስቦ መንገድ ሁሉ ወጥቶለት ነበር፤ በማርች 1962 የመጣው ማዕበል የነበረውን ጠራርጎ ወሰደና ሐሳቡ ቀረ፣ በ1965 ደግሞ ቦታው በፌዴራል መንግሥት ተከለለ። ስለዚህ ዛሬ ፎቅ የለም፣ ሆቴል የለም። ያለው አሸዋ፣ ሣርና የዱር ፈረስ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከእኛ ቤት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከቤት ሳንወጣ የተሠራ ነው። የድንኳን ቦታውን በጊዜ ይዘን ነበር። እሱን ጥሩ አደረግን፤ የበጋ ቅዳሜና እሁድ ከስድስት ወር በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ግን ስልኬ ላይ የካምፑን አድራሻ በመጻፍ ፈንታ "አሳቲግ ቢች" ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ከሰዓት ወጣን። ቤይ ብሪጅ የሚባለው ረጅሙ ድልድይ ጋ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። እንደምንም አለፍንና ስልኩ እየመራ ቺንኮቲግ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አደረሰን። ቨርጂኒያ ናት። ከተማዋን አልፈን፣ ድልድዩን ተሻግረን በሩ ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ወረቀታችንን አየችና ራሷን ነቀነቀች። በደቡቡ በኩል የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስለሆነ ድንኳን አይተከልም። የእኛ ቦታ በሰሜኑ በኩል ነው። ደሴቱ አንድ ነው፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለውም። ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና መግባት ነው። ሌላ አንድ ሰዓት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የዚያን ቀን መከራ ሁሉ ከዚች አንድ ሰዓት ነው የመጣው። ብርሃን እያለ ብንደርስ ኖሮ አካባቢውን እናይ ነበር፣ ጎረቤት ድንኳን እንዴት እንደተተከለ እናይ ነበር። እኛ የደረስነው ጀንበር ጠልቃ ነው። እና እባካችሁ፣ የካምፑን ትክክለኛ አድራሻ ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ከቻላችሁ ደግሞ ዓርብ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት ከወጣችሁ ቤይ ብሪጅ ላይ ቀኑ ያልቅባችኋል።

ከመኪናው ስንወርድ መጀመሪያ የተቀበለን ትንኝ ነው። እኔ ትንኝ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ይሄኛው ግን ደመና ነው፤ አፍ ሲከፈት አፍ ውስጥ ይገባል። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። የትንኝ መከላከያው ስፕሬይ ከሻንጣው ታች ነበር፣ ሻንጣው ደግሞ ከኩለሩ፣ ከምግብ ማቀዝቀዣው ሣጥን ሥር። እሱን ስንፈልግ የልጁ ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበር። ስፕሬዩን መኪናው ውስጥ፣ በእጅ የሚደረስበት ቦታ አድርጉት። ከመውረዳችሁ በፊት ተቀቡ። ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ነገር ለልጆች የግድ ነው። አንድ የካምፕ ጎረቤታችን በማግስቱ እንደነገረን ነፋስ ከውቅያኖሱ ሲነፍስ ትንኙ ይበተናል፤ ከየብሱ በኩል ከሆነ ግን ከረግረጉ ጠርጎ ያመጣዋል። እውነትም ሦስቱንም ቀን እንዲያው ሆነ። በየማታው ደግሞ የልጆቹን ከጉልበት ጀርባና ፀጉር ሥር ለመዥገር እንፈትሽ ነበር። ሁለት አግኝተናል።

ድንኳኑን በስልክ መብራት ተከልነው። ከሱቅ አብራው የመጣችው ካስማ አጭርና ቀጭን ናት። ለመሬት ነው የተሠራችው። አሸዋ ላይ እንደ ቅቤ ትገባለች፣ እንደ ቅቤም ትወጣለች። ሌሊት ላይ ነፋሱ ሲነሳ አንዱ ጥግ ተነቀለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ባለቤቴ ወጥቶ ገመዱን ሲይዝ ድንኳኑ በሙሉ ልጆቹ ላይ ተኛባቸው። አምስታችንም መኪና ውስጥ አደርን። ለአሸዋ የሚሆነው ካስማ ረጅምና ሰፋ ያለ ነው፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ። ከሌላችሁ ግን መላ አለ። ፌስታል ወይም ትንሽ ከረጢት አሸዋ ትሞላላችሁ፣ ገመዱን በእሱ ላይ ታስራላችሁ፣ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ትቀብሩታላችሁ፣ ከላይ በእግር ትረግጡታላችሁ። በማግስቱ እንዲህ አደረግን። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን ሁሉም ተረሳ። ከአሸዋው ጉብታ ማዶ ውቅያኖሱ ይጮኻል። ወንድሜ ጉብታው ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያይ ነበር። "ማዶው የለም" አለ። ጣና ላይ ቢያንስ ደሴቶቹ ይታያሉ።

ቡና ልናፈላ ከሰል አያያዝን። እኔ ቤት የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ በፎይል እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጀበና ላመጣ ወደ መኪናው ሄድኩ። ስመለስ ዳማ መልክ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል። አጠር ያለ፣ ሆዱ የተነፋ ፈረስ ነው። የሚበሉት ሣር ጨዋማ ስለሆነ ውሃ ብዙ ይጠጣሉ፣ ለዚያ ነው ሆዳቸው የሚነፋው። በላይኛው ከንፈሩ ፎይሉን ቀስ አድርጎ ገለጠ። ልክ እንደ ሰው ጣት። ከዚያ ዳቦውን ከጫፉ ገመጠ። ባለቤቴ እንጨት አንስቶ ሊያባርረው ሲጠጋ ፈረሱ ኋላውን አዞረለት። ደግነቱ ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች በብስክሌት እያለፉ ነበርና ጮኸው አስቆሙት። ፈረሶቹ ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉም። 12 ሜትር ያህል መራቅ ሕግ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያዘንኩት ለዳቦዬ ነበር። ጠባቂዋ ግን ጉዳቱ ለፈረሱ እንደሆነ ነገረችኝ። የሰው ምግብ የቀመሰ ፈረስ መንገድ ላይ መኪና ይጠብቃል፣ ይገጫል። ወይም ለሰው አስቸጋሪ ይሆናል። በ2022 እንዲህ የለመደ አንድ ፈረስ ከደሴቱ ተነስቶ ቴክሳስ ወደሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ተወስዷል። ኩለር መክፈት ሁሉ ይችላሉ። ስለዚህ ምግብ፣ እንጀራውም በርበሬውም፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሞቃት ቀን ነበር። ነፍስ አድን ዋናተኞች የሚጠብቁት የባሕር ዳርቻ ከእኛ ድንኳን በእግር ትንሽ ራቅ ይላል። ከልጆችና ከዕቃ ጋር ማን ይሄዳል ብለን ከድንኳናችን ፊት ለፊት ወረድን። እዚያ ጠባቂ የለም። ከእኛ ሌላ ራቅ ብሎ ረጅም መቃ ይዞ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ልጆቹ ዳር ላይ አሸዋ ይቆፍራሉ። ወንድሜ ውሃውን ካየ በኋላ "እዚህ ጋ ማዕበሉ ያስቸግራል፣ እዚያ ጋ ግን ጸጥ ያለ ነው" ብሎ ጠቆመኝ። እውነት ነው። ግራና ቀኝ ማዕበሉ ነጭ እየሆነ ይሰበራል፤ መሀል ላይ ግን አንድ ጠባብ ቦታ ረጋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ውሃ ነበር። ለጣና ልጅ ረጋ ያለ ውሃ ደህና ውሃ ነው። እኔም መርቄ ሸኘሁት።

እዚያ ገባ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወደ እኛ እየዋኘ ነው፣ ግን አይቀርብም። ልጆቹ የሚጫወት መስሏቸው እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እኔም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊቱን አየሁት። አፉ ተከፍቷል፣ አይጮህም። ሰው ሲሰምጥ የሚጮህ ይመስለን ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አይጮህም።

ባለቤቴ ዋና አይችልም፣ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ሮጦ ሊገባ ሲል ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ደርሶ ክንዱን ጨመደደው። በአንድ እጁ እሱን ይዞ በሌላው ወደ ጎን፣ ወደ ጎን እያለ ለወንድሜ ያሳየዋል። ወንድሜ እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ማዕበሉም ድምፅ ይውጣል። እኔ "ወደ ጎን! ወደ ግራ ዋኝ!" እያልኩ ጮህኩ። አይሰማም። ለፀሐይ ብዬ የተከናነብኩት ነጠላ ነበር። አወለቅሁትና ከፍ አድርጌ እያውለበለብኩ በዳርቻው ወደ ግራው መሮጥ ጀመርኩ። ትንሽ ሮጬ እቆምና በእጄ "ወደዚህ" እለዋለሁ። እንደገና እሮጣለሁ። ባለቤቴ 911 ደወለ።

ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ ነጠላዋን ነው ያየው። ምን እንደምል አልገባውም፣ ግን እኔን መከተል እንዳለበት ገባው። መታገሉን ተወ። በጀርባው ተንጋለለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከዚያ ወደ ዳሩ ሳይሆን ከዳሩ ትይዩ እኔ ወዳለሁበት መዋኘት ጀመረ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ውሃው ለቀቀው። ቀጥሎ ያለው ማዕበል ራሱ እየገፋ አመጣው። ከገባበት ቦታ በጣም ርቆ ነው የወጣው። አሸዋው ላይ በአራት እግሩ ሆኖ የጨው ውሃ አስመለሰ። ሽማግሌው ጀርባውን እየደባበሰ አጠገቡ ተንበረከከ፣ ቋንቋ አልነበራቸውም።

የድንገተኛ ሰዎች መጥተው ደረቱን አዳመጡት። ውሃ የዋጠና የሚያስለው ሰው ከወጣ በኋላም ትንፋሹ ሊከፋ ስለሚችል ለሰዓታት እንድንጠብቀው፣ ሳሉ ከባሰ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ቶሎ ሐኪም ቤት እንድንወስደው ነገሩን። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ትንፋሹን ስቆጥር ነጋ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማዕበል ወደ ዳር የሚያመጣው ውሃ መመለስ አለበት። የሚመለሰው ግን በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲያገኝ እንደ ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ይፈሳል። እዚህ ሪፕ ከረንት ይሉታል። ቦታው ጠለቅ ስለሚል ማዕበሉ እዚያ ላይ አይሰበርም። ስለዚህ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋው እሱ ነው። ሲበረታ በሰከንድ ከሁለት ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አያሸንፈውም። ወንድሜ ያለኝ ይሄን ነው፦ "እታለም፣ ወደ ታች አልጎተተኝም። እየዋኘሁ ወደ ኋላ እሄድ ነበር።"

ወደ ታች አለመጎተቱን አስምሩበት። የሚገድለው ድካሙ ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል። ከያዛችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፣ ሲለቃችሁ በሰያፍ ወደ ዳር ኑ። ዳር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ተከትሎ አይግባ። ሊያድኑ ገብተው ራሳቸው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ባዶ ኩለርም ቢሆን። 911 ደውሉ። ወደ የት እንደሚዋኝ በእጅ አሳዩት። ከሁሉ በፊት ግን ጥበቃ ያለበት ቦታ ብቻ ግቡ። ያቺን የእግር መንገድ እኛ የሰነፍናትን እናንተ ሂዱባት። አዲስ ለመጣ ዘመዳችሁ ደግሞ ይሄን ሁሉ ቤት ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ውሃ ሳያይ በፊት ንገሩት። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

እሁድ ጠዋት ዕቃ ልሰበስብ ስል ወንድሜ እምቢ አለ። "ፈርቼ እንዳልቀር" አለኝ። ስለዚህ ያን ቀን ከውሃ ርቀን ቺንኮቲግን ልናይ ተመለስን።

ያኔ በብስጭት ያለፍናት ከተማ ደስ የምትል ሆና ተገኘች። በረግረጉ መሀል የተዘረጋ ረጅም መንገድ ነው የሚያስገባው። ጀልባዎቹ ዋናው መንገድ ዳር ታስረዋል። ከተማዋ በኦይስተር፣ በቅርፊት ውስጥ በሚኖር የባሕር ምግብ ትታወቃለች። በጁላይ የመጨረሻ ረቡዕ የደቡቡን ፈረሶች በውሃ እያዋኙ ወደ ከተማዋ ያሻግሯቸዋል፣ በማግስቱ ውርንጭሎቹን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገቢው ከ1925 ጀምሮ ለበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ነው። ያን ሳምንት ሰው ስለሚበዛ ማደሪያ ይጠፋል፣ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ሌላ ሳምንት ምረጡ። በ1867 የተሠራው ቀይና ነጭ የመብራት ማማ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ልጆቹ ለእሱ ሲጮኹ ወንድሜ በረዶ ላይ የተዘረጋ ዓሣ ጋ ቆሞ ቀርቷል። ፍላውንደር ይባላል። እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ናቸው። ጣና ላይ አምባዛና ቆሮሶ ሲገፍ ያደገ ልጅ፣ ዓሣውን ገልብጦ ባዶውን ጎን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ሁለት ገዛ። ማታ እሳቱ ላይ ጎን ጎኑን ተልትሎ፣ አዋዜ ቀብቶ ጠበሰልን። ከአደጋው ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ለሽማግሌው ዓሣ አጥማጅም በሰሃን ወሰደለት።

ሰኞ ከመመለሳችን በፊት ጥበቃ ወዳለበት ዳርቻ ሄድን። ወንድሜ ወደ ነፍስ አድን ዋናተኞቹ ማማ ሄዶ በተለማመዳት እንግሊዝኛ "ዛሬ የት ጋ ነው ደህናው?" ብሎ ጠየቀ። ጠባቂዋ ልጅ ወርዳ በጣቷ አሳየችው፤ ከየት እስከ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ጋ እንደማይገባ። ከዚያ ልጆቼን በግራና በቀኝ እጁ ያዛቸው። ወዲያው አልገቡም። ውሃውን አሥር ደቂቃ ያህል ቆመው አዩ። "አረፋው ወደ ውስጥ የሚሄድበትን ፈልጉ" ይላቸዋል። ልጄ ቀድማ አገኘችው፣ ማዕበሉ የማይሰበርበትን፣ ጠቆር ያለውን። "እዚያ ጋ፣ አጎቴ።"

"ጎበዝ" አላት። "እዚያ አንገባም።" ከዚያ ሦስቱም በሌላ በኩል እስከ ጉልበታቸው ገቡ።